ሁለቱም ካልበሩ

የአክስቴን አስከሬን ከዳንግላ ወደ ቆሰበር የሚወስደው ሚኒባስ አንደኛው የፊት መብራቱ አይበራም ነበር። ሰው ሁሉ ሳጥኑን ሲያስገባና ለቀስተኛውን ሲያሳፍር ይህን ልብ ያለ አልነበረም። እኔ ከፊት ለፊቱ ቆሜ ሳለቅስ አየሁት። ነሐሴ ነው፤ ጉሙ ከአዲስ ቅዳም ጀምሮ መንገዱን እንደሚሸፍነው ሁላችንም እናውቃለን።

“ይኼ መብራት ይሠራ” አልኩ።

ሹፌሩ ገና ወጣት ነው። “እማማ፣ በአንዱም እንደርሳለን። ቀን ነው እኮ!”

“ሁለቱም ካልበሩ አክስቴ የሻረግ ከዚህ አትወጣም።”

የአክስቴ ልጅ ሀብቱ ትከሻዬን ያዘና “እትዬ ሽታዬ፣ ካህናቱ እየጠበቁን ነው” አለኝ ለስለስ ብሎ። ሴቶቹ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ግን ከመኪናው ፊት ንቅንቅ አላልኩም። ሹፌሩ ሲቸግረው ኮፈኑን ከፈተና ማጉረምረም ጀመረ። አምፑሉ ከባትሪው ኋላ ተደብቋል፤ ባትሪው ካልተነሣ እጅ አይገባም፤ ባትሪውን የያዘው ብረት ደግሞ ዝጓል። “የዘንድሮ መኪና አምፑል ለመቀየር ግማሹን ማፍረስ ነው” እያለ እጁን ሰደደ።

ሀብቱ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ በኪሱ ይዟል። “ከአቶ ምህረቴ ጋር በጋብቻ ተሣሥረው” የሚል አንድ መስመር አለበት። ያ መስመር እንዴት እንደመጣ የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ያኔ ነገሩን ያየሁት ገልብጬ ነበር።

ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የማድገው በቆሰበር ጫፍ፣ አውራ ጎዳናው ደጃፉን ታክኮ በሚያልፍበት በአያቴ በአያ አዝመራው ቤት ነበር። አያቴ ከእርሻ ሲመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ በቀጭን ቢላ ቀርቀሃ እየሰነጠቀ ቅርጫት ይሠራል። ከቤታችን በታች ምንጭ አለ። አቀበቱን ሲያቃስቱ የወጡ ሎሪዎች ደጃችን ላይ ይቆማሉ፤ ረዳቶቹ ከምንጩ በባልዲ ውሃ ቀድተው አፍንጫቸው ላይ ያፈሱላቸዋል። እንፋሎቱ ቡልቅ ሲል እያየሁ፣ ሎሪ እንደ በሬ የሚጠማና የሚታመም ፍጥረት ነው ብዬ አምን ነበር። እንዳልሆነ የነገረኝም ሰው አልነበረም።

ከሁሉ ቶሎ ቶሎ የሚመጣው የምህረቴ ሎሪ ነበር። ከጣሊያን ጊዜ የቀረ፣ አረንጓዴ ቀለሙ የተላላጠ፣ ሁለት ትልልቅ ክብ ዓይኖች ያሉት ነው። ምህረቴ የዳንግላ ልጅ ነው። ኑግ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ጨውና ጨርቅ ጭኖ ይመለሳል። ረዳቱ ክንዴ አንድ ጥርሱ የወለቀ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። እና ያ ሎሪ እኛ ደጅ በደረሰ ቁጥር ቀኝ ዓይኑ ይጠፋል።

“ሲመጣ በርቶ ነው የመጣው!” ይላል ምህረቴ ኮፍያውን መሬት ላይ እየወረወረ። “ክንዴ፣ በርቶ አልመጣም?”

“በርቶ ነው የመጣው ጌታው። ቆሰበርን ሲያይ ያፍራል።”

“ዝም በልና ካቻቢቴውን አምጣ!”

የመብራቱን መስታወት የሚይዘው ክብ ብረት ከሥር በኩል በአንዲት ብሎን ነበር የሚታሰረው። ምህረቴ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ያቺን ብሎን ሲታገል ደረቱ ድረስ ይጨቀያል። ካቻቢቴው ያዳልጠውና ጣቱን ይልጠዋል። ብሎኗ ስትወጣ ትወድቃለች፤ ስትወድቅ ሣር ውስጥ ትገባለች፤ ሁላችንም ተንበርክከን ሣሩን እንዳብሳለን። አምፑሉን አውጥቶ ይነቀንቀዋል፣ ይተነፍስበታል፣ መልሶ ይሰካዋል። ክንዴ ሲያበራው በራ ሲባል፣ ማቀፊያውን ሲገጥሙት ደግሞ ድርግም ይላል። ምህረቴ ያኔ ተነሥቶ ጎማውን ይረግጣል። በዚህ መሃል ይመሽና፣ በጉም ውስጥ በአንድ ዓይን መንዳት ስለማይሆን እኛ ቤት ያድራሉ።

ብሎኗን በመዳፏ የምትይዝለት አክስቴ የሻረግ ነበረች። የአያቴ የመጨረሻ ልጅ ናት። ቁመቷ ለግላጋ፣ ንግግሯ ቁጥብ ነው። ምህረቴ ሲናደድ እሷ ሌላ ቦታ ታያለች። “ያዥልኝ” ሲላት ትይዛለች፤ “ስጪኝ” ሲላት ትሰጣለች። ሌላ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ሁለቱ አይዋደዱም ብዬ ደምድሜ ነበር።

አንድ ቀን ጉሙ ከምንጩ ተነሥቶ ግቢውን ሞልቶት፣ ምህረቴና ክንዴ ውሃ ሊቀዱ ወርደው ሳለ ወደ ሎሪው ስሄድ አክስቴን አገኘኋት። እጇ በሎሪው ዓይን ውስጥ ገብቷል። ስታየኝ ደነገጠች፤ እጇን ስታወጣ የጣቶቿ ጫፍ ጥቁር ነበር።

“ምን እያደረግሽ ነው እትዬ?”

እጇን ወደ ኋላዋ ሸሸገችና “ዓይኑን አሞታል” አለችኝ። “ኩል እየቀባሁት ነው።”

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እኔም ዓይኔን ሲያመኝ ኩል የምትቀባኝ እሷ ናት። “ይድናል?”

“ይድናል። ለማንም እንዳትናገሪ ብቻ። መድኃኒት ሳይፈውስ ከተነገረ ይረክሳል።”

እውነቷን ነው፤ በእኛ አገር መድኃኒት አዋቂ ቅጠሉን ቆርጦ እስኪያሽር ድረስ ለማንም ትንፍሽ አይልም። እኔም አፌን ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ሰዎቹ ወደ ምንጩ በወረዱ ቁጥር እሷ ወደ ሎሪው ስትሄድ አያታለሁ፤ ምሽት ላይ ዓይኑ ሲጠፋ ደግሞ መድኃኒቱ ገና እየሠራ ነው እላለሁ።

ኩል አልነበረም። የአያቴን የቀርቀሃ ቢላ በቀሚሷ ሸሽጋ ትወጣለች፤ በቢላው ጫፍ ብሎኗን ትፈታለች፤ አምፑሉን ከመቀመጫው ትንሽ ዘወር አድርጋ ታላላዋለች፤ መልሳ ትገጥማለች። ጣቷ ላይ የነበረው የሽቦው ዝገትና ቅባት ነው። ይህን የነገረችኝ የራሴ ሠርግ ዋዜማ፣ እጄን እንሶስላ ስትቀባኝ ነው። ያኔ ግን የማውቀው አክስቴ የዓይን ሐኪም መሆኗን ብቻ ነበር። አያቴ በረንዳው ላይ “የዚህ ቢላ ጫፍ የት እየሄደ ነው? ትናንት ስዬው!” እያለ ሲያጉረመርም ከሎሪው ጋር አላገናኘሁትም።

በዚያ ክረምት መጨረሻ ቤታችን ውስጥ ሹክሹክታ በዛ። አያቴና ታላቅ እህቱ እማሆይ እህተማርያም እሳት ዳር ተቀምጠው በአገራችን ቋንቋ፣ በአውኚ ያወራሉ። ምህረቴ ከማዶ ተቀምጦ ራቱን ይበላል፤ አውኚ አይሰማም ብለው ነው።

“የጫግኒው እህል ነጋዴ ስማቸው ሽማግሌ ልኳል” ይላል አያቴ። “ጎተራው ሙሉ ነው።”

“ዕድሜውም ሙሉ ነው” ይላሉ እማሆይ። “ይኼ ልጅ አይሻልም? ከሰቀላ ድረስ ዕቃዬን ተሸክሞልኛል።”

“ይኼ? የገዛ መኪናውን ዓይን ማብራት ያቃተው? እዪው እስቲ ጣቱን፣ ሁሉም በጨርቅ ተጠቅልሏል። የምጣድ ክዳን የሚገጥም አይመስለኝም!”

ምህረቴ አንገቱን ደፍቶ ይጎርሳል። እኔ የገባኝ ይህን ያህል ነው፤ አያቴ ሎሪው እንዲድን ይፈልጋል። ጫግኒ ያለው ሰውዬ ዓይኑ ደህና የሆነ በቅሎ አለው። የሻረግ ከሁለቱ አንዱ ላይ ተጭና ትሄዳለች። ሎሪው እንዲያሸንፍ ስለት ተሳልኩ።

ከዚያ የምህረቴ ሽማግሌዎች መጡ። የሚመሯቸው አያ ውብአየሁ የሚባሉ ጢማም ሰው ናቸው። ደጅ ላይ ቆሙ፤ አያቴም ከመደቡ ሳይነሣ ሰማቸው። እኔና አክስቴ ጓዳ ውስጥ ሆነን በግድግዳው ስንጥቅ እናያለን።

“ልጁ ጨዋ ነው” አሉ አያ ውብአየሁ።

“ጨዋ አይደለም አላልኩም” አለ አያቴ። “ግን አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ደጅ ሲያልፍ ሁለት መብራት በርቶለት አላየሁም። አንድ መብራት መያዝ ያቃተው ሰው ልጄን እንዴት አድርጎ ሊይዝ? የፊታችን እሁድ ሁለቱም በርተው፣ እኔ በዓይኔ እያየሁ እዚህ ደጅ ይቁም። ያኔ እሰማችኋለሁ። አለዚያ ሰኞ ለጫግኒው ሰው ቃሌን እሰጣለሁ።”

አክስቴ ከስንጥቁ ዘወር አለች። ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሎሪው አልሄደችም፤ እኔ ግን መድኃኒቱን ለምን እንዳቋረጠች ገርሞኝ “እትዬ፣ እሁድ ደርሷል፤ ቅቢው እንጂ” ብዬ ብወተውታት በአፌ ላይ እጇን ጫነችብኝ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ወረደ። አያቴ ከማኅበር አልተመለሰም። መጀመሪያ የሎሪው ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ጉሙ ወደ ቢጫ ተለወጠ፤ ከቢጫው ውስጥ ሁለት ዓይኖች ወጡ። ሁለት! ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጭነቱ ላይ ቆመዋል። ምህረቴ ደጃችን ላይ ሲቆም ሞተሩንም መብራቱንም አላጠፋም። እጁን መሪው ላይ እንደጫነ ተቀመጠ። ክንዴ ዘሎ ወረደና በሎሪው ፊት ዱላ ይዞ ቆመ።

“ማንም እንዳይጠጋ! ዛሬ ዝንብ አታርፍበትም! ውሃም አንቀዳም! ቢጠማውም ይሙት!”

ሽማግሌዎቹ ወርደው በካፊያው ውስጥ ተደርድረው ቆሙ። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲመጣ እሺ እስኪባል አይቀመጥም።

መነኩሴን ግን ማን ያስቆማል? እማሆይ እህተማርያም የጠበል ቅላቸውን አንጠልጥለው ከጓሮ ብቅ አሉ። ክንዴ ዱላውን ዝቅ አድርጎ መስቀላቸውን ተሳለመ። እሳቸውም “ይኼን ልጅ ዓይነ ጥላ ነው የያዘው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይን ብቻ!” አሉና፣ በስመ አብ ብለው ቅሉን በቀኙ መብራት ላይ ገለበጡት።

ያ ሁሉ መንገድ ሲበራ የመጣ መስታወት ትኩስ ነበር። ጧ አለና ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ ውሃው ወደ ውስጥ ገባ፤ ዓይኑ ጠፋ።

“እማሆይ!” አለ ክንዴ ራሱን ይዞ። “ምን አደረጉ?”

“ለቀቀው ልጄ፤ ሲወጣ አልሰማኸውም?”

ምህረቴ አልጮኸም። ያ ነው ያስፈራኝ። ወርዶ ከወንበሩ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አዲስ አምፑል አወጣ፤ ካቻቢቴውን ይዞ ተንበረከከ። ያዳልጣል። ደግሞ ያዳልጣል። ብሎኗ አናቷ ተበልቶ እንደ አሮጌ ሳንቲም ልሙጥ ሆናለች። በፒንሳ ሊይዛት ሞከረ፤ ጎድጎድ ያለ ቦታ ስለተቀመጠች ፒንሳው አይደርስባትም። ክንዴ በመዶሻ እንምታው ሲል “መስታወቱ ይረግፋል!” አለው። ጣቱ ደማ። በጉሙ ውስጥ ከታች በኩል የአያቴ ዱላ ድንጋይ ሲመታና ከማኅበርተኞቹ ጋር ሲሳሳቅ ተሰማ።

“ይህቺን ብሎን ማን ነው እንዲህ የበላት?” አለ ምህረቴ። ግንባሩን ሎሪው ላይ አሳረፈ።

ጓዳ ውስጥ አክስቴ ከጎኔ ተነሣች። የቅቤ ቅሉ አፍ የሚታሰርበትን የከመነዳሪ ጎማ ቁራጭ ፈታች፤ ቅሉ ተንከባሎ ቅቤው ሲፈስ ዞራም አላየችው። በዋናው በር ወጣች። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ እንደ አንድ ሰው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። አያ ውብአየሁ “ኧረ በሕግ!” ሲሉ ሰማሁ።

“ወዲያ በል” አለችው ምህረቴን።

ተነሣላት። ጎማውን በጥሳ ብሎኗ ላይ ለጠፈችው፤ ካቻቢቴውን በላዩ ተከለች፤ ደረቷን ጫነችበትና ቀስ ብላ ዞረች። ጎማው ልሙጡን ነከሰው። ብሎኗ ሲጥጥ ብላ ጮኸች፤ ተንቀሳቀሰች፤ ወጣች። ዛሬ መዳፉን የዘረጋው ምህረቴ ነው። አክስቴ ውስጡን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችው፤ የተቃጠለውን አውጥታ አዲሱን ሰካች፤ ጫን አድርጋ ወደ ቀኝ አዞረችው፤ የተሰነጠቀውን መስታወት ያለ ብሎን መልሳ ገጠመችው። እጇ መንገዱን ያውቃል፤ አላየችም እንኳን።

መብራቱ በራ። ስንጥቁ ብርሃኑን ለሁለት ከፍሎት አንዱ ጨረር መንገዱ ላይ፣ ሌላው በረንዳችን ላይ ወደቀ። በረንዳው ላይ ደግሞ አያቴ ቆሟል። መቼ እንደደረሰ ማንም አላየም።

መድኃኒቱ ፈውሷል፤ ስለዚህ መናገር ይቻላል። እኔ እየዘለልኩ ወጣሁ።

“ዳነ! አባባ፣ ዳነ! ኩሉ ሠራ! እነሱ ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ እትዬ ናት ሁልጊዜ ዓይኑን ስትቀባው የነበረች!”

ክንዴ ጀርባውን ሰጥቶ ማሳል ጀመረ፤ ትከሻው ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሰዎቹ ለምን ዝም እንዳሉ አልገባኝም፤ በደስታ ይመስለኝ ነበር። አያቴ የአክስቴን ጥቁር ጣቶች አየ። በምህረቴ መዳፍ ላይ ያለችውን ልሙጥ ብሎን አየ። ከዚያ በረንዳው ላይ ያለውን የቀርቀሃ ቢላውን አንሥቶ ደንዝዞ የተበላውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

“የቢላዬ ጫፍ የት እንደሚሄድ አሁን ገባኝ” አለ።

የሻረግ አንገቷን አልደፋችም። ያንን አስታውሳለሁ፤ በመብራቱ መሃል ቀጥ ብላ ቆማ ነበር።

አያ ውብአየሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “አያ አዝመራው፣ እንግዲህ ነገሩ… መብራቱን ያበራው እሱ አይደለም ካሉ…”

“እኔ ምን አልኩ?” አለ አያቴ። “ሁለቱም በርተው ይቁም አልኩ። ቆሟል፤ በርተዋል። ማን ያብራው የሚል ከአፌ አልወጣም።” ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። “የምን ካፊያ ላይ መቆም ነው? ግቡ! ጠላ ይቀዳ!”

እማሆይ እልል አሉ። ጠበላቸው እንደሠራ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያምኑ ነበር፤ እኔም ያኔ ኩሉ እንደሠራ። ያን ቀን ከእሳቸው በላይ የጮኸ ካለ እኔ ነኝ።

በጥር ተጋቡ። የሻረግ ሎሪው ውስጥ ከፊት ተቀምጣ ስትወጣ ቀኑ ጠራራ ፀሐይ ነበር። አያቴ ግን መሄጃው ላይ ቆሞ “አብራው!” አለ። ምህረቴ አበራው። አንደኛው ስንጥቅ፣ አንደኛው ደህና፣ ሁለት መብራት በፀሐይ ላይ እያበሩ ወደ ዳንግላ ወረዱ።

እትዬ የቢላውን ነገር ስትነግረኝ “ምህረቴ እስከ ዛሬ አያውቅም” ብላ በሳቅ ፈርሳ ነበር። “ያን ዕለት አንቺ ስትጮኺ እንኳን የልጅ ወሬ መስሎት አለፈው።” እኔ ዘግይቼ፣ እሱ አርጅቶ በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ጠየቅሁት።

“ጋሼ ምህረቴ፣ እውነት አያውቁም ነበር?”

ወደ ውስጥ ገልመጥ አለ፤ እሷ እንዳትሰማ። “ከዚያ እሁድ በፊት አምፑሉ አንድ ቀን ተቃጥሎ አያውቅም እኮ። ላልቶ ነው የማገኘው። መጀመሪያ መጀመሪያ ከልቤ ተናድጃለሁ፤ ጎማውን የረገጥኩት ከልቤ ነው። ኋላ ላይ ብሎኗ ውስጥ የቀርቀሃ ስንጣቂ አገኘሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ንዴት ሁሉ ለአያትሽ ማሳያ ነው።”

“ታዲያ ለምን ቶሎ አጥብቀው አይሄዱም ነበር?”

“ሄጄ የት ልደርስ?” አለኝ። “አያትሽ በአውኚ ሲሰድበኝም እየሰማሁ ነበር የምጎርሰው። የዳንግላ ልጅ አውኚ አይሰማም ያለው ማን ነው? ለእሷ ግን እንዳትነግሪያት። እንዳታለለችኝ ስታስብ ደስ ይላታል።”

አልነገርኳትም። እሱ ሲሞት አልነገርኳትም፤ እሷ ስትታመም አልነገርኳትም።

ዛሬ ጠዋት፣ ሹፌሩ ባትሪውን ነቅሎ ክንዱን እስከ ትከሻው ሞተሩ ውስጥ ከትቶ ሲራገም፣ እኔ ወደ ኋላ ዞሬ ሳጥኑ አጠገብ ቆምኩ። ግንባሬን እንጨቱ ላይ አሳረፍኩ።

“እትዬ፣ ያውቅ ነበር” አልኳት። “ከጥንቱ ጀምሮ ያውቅ ነበር።”

ከፊት በኩል የኮፈኑ መዘጋት ተሰማ። ልጁ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ፤ የጣቶቹ ጫፍ ጥቁር ነበር።

“በራ፣ እማማ።”

“ሁለቱም?”

“ሁለቱም።”

“ንዳው” አልኩት።